ዮሪስ ያልጻፈው እርምጃ

ባለፈው ቅዳሜ የመጽሐፍ መደርደሪያ ልገዛ ኤመሪቪል ካለው ትልቁ የቤት ዕቃ ሱቅ ገብቼ ነበር። መውጫው አጠገብ ካለው የምግብ መሸጫ አንዲት ሴትዮ የጥቁር ከረሜላ ፓኬት ከፍታ ለልጇ ስታቀምሰው ሽታው ደረሰኝ። ልጁ ወዲያው እጇ ላይ ተፋው። ሴትዮዋ ሳቀች። እኔ ግን ጋሪዬን እንደያዝኩ መሀል መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ «ኤክስኪውዝ ሚ» ያለኝ ሁለቴ ይሁን ሦስቴ እንጃ።

ያ ከረሜላ እንደ ሳል መድኃኒት ይሸታል። ሲቀምሱት ደግሞ ጨው ነው። ጨው ያለበት ከረሜላ! ወይ ጉድ፣ የሆላንድ ሰዎች ግን በፍቅር ነው የሚበሉት። አሥር ዓመቴ ላይ ዮሪስ የሚባል ሆላንዳዊ ከጃኬቱ ኪስ አውጥቶ አንዷን ሰጠኝ። መትፋት አማረኝ፤ ግን እያየኝ ነበር። ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር ታግዬ ዋጥኳት።

«ጎበዝ» አለኝ። «ብዙ ሰው ይተፋዋል።»

እልኸኛ መሆኔን ያወቀው ያን ቀን ይመስለኛል።

ኦክላንድ ከተማ፣ ፍሩትቬል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም የማይርቅ አፓርትመንት ውስጥ እኔና እማዬ ብቻችንን ነበር የምንኖረው። እማዬ አዛውንት የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፤ አብዛኛውን ቀን ደብል ሺፍት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት የሚያመላልሱኝ ከኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት ጋሼ ወርቁ ነበሩ። ዘመድ አይደሉም፤ ከዘመድ ግን ይበልጡብን ነበር። ሃያ ዓመት የኤርፖርት ሻትል ነድተው ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁንም ጠዋት ጠዋት ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ እስክሪብቶ ደረት ኪሳቸው ላይ ሰክተው ነው የሚወጡት። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ እጄን ይዘው ላይብረሪ ይወስዱኛል። እሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ፤ እንደዚያው እየተነታረክን እንደርሳለን።

ዮሪስ ማክሰኞና ሐሙስ ላይብረሪው ጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ ልጆችን ቼዝ ያስተምር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቤት ውስጥም ኮፍያውን የማያወልቅ። ከብስክሌት መጠገኛ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ከአያቱ ቼዝ ተምሮ፣ በአገሩ የወጣቶች ሻምፒዮን ሆኖ ነበር አሉ። ኦክላንድ የመጣው አክስቱ ጋ ነው። ለምን እንደመጣ ትልልቆቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። ከጠረጴዛው ላይ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስሙን ለጋሼ ስነግራቸው «ዮሪስ ማለት ጊዮርጊስ ነው» ብለው ወሰኑ። ከዚያ በኋላ ጊዮርጊስ እንጂ ሌላ ብለውት አያውቁም። ዮሪስም ይወደው ነበር።

የመጀመሪያ ቀን አብረው ሲቀመጡ የሆነውን ልንገራችሁ። ዮሪስ «ማን ይጀምራል?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ በአንድ ትንፋሽ ወታደሩን፣ ፈረሱን፣ ሌላውን ወታደር፣ ሌላውንም ፈረስ ወደፊት አሰለፉ። አራት እርምጃ! እኔ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

«ጋሼ! ተራ በተራ ነው እኮ!»

«ምን ተራ አለው? ጦር ሜዳ ላይ ተራ ይጠበቃል እንዴ? እሱም ያሰልፋ! ማን ከለከለው?»

ጋሼ የሚያውቁት አባታቸው ያስተማሯቸውን የድሮውን ሰንጠረዥ ነበር። በዚያ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል የለም፤ የመጀመሪያው ወታደር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ጦራቸውን እንደፈቀዱ ያሰልፋሉ። ይህን በተሰባበረ አማርኛዬ ሰምቼ በእንግሊዝኛ አስተረጎምኩ። ዮሪስ ይስቃል ብዬ ነበር። እሱ ግን ብድግ ብሎ ደብተሩን አመጣና «እንደገና ያሳዩኝ፣ ከመጀመሪያው» አላቸው። ጋሼ ወንበራቸውን አስጠጉ። ያን ቀን እኛ ልጆቹ ተረስተን ቀረን።

በድሮው ሰንጠረዥ ደግሞ ንግሥት የለችም። በእሷ ቦታ ያለው ፈርዝ ይባላል፤ በሰያፍ አንዲት እርምጃ ብቻ ነው የሚሄደው። «ከጌታው ከንጉሡ አይርቅም» አሉ ጋሼ። ቆይተው አዲሱንም ጨዋታ ተማሩ፣ ደህና አድርገው ተማሩ። ግን ንግሥቲቱን ሲያነሱ እጃቸው አንድ ቤት ብቻ ይሄድና ቀጥ ይላል።

«ጋሼ፣ እስከ ጫፍ መሄድ ትችላለች እኮ!»

«እኔማ አውቃለሁ። እጄ ነው የማያውቀው።»

እኔ ስሸነፍ አልችልም ነበር። አሁንም አልችልም፣ ምን እዋሻለሁ። አንድ ቀን ልሸነፍ ስል ንጉሤን በጣቴ ገፍቼ ጣልኩትና ቦርሳዬን አነሳሁ። ዮሪስ ንጉሡን አንስቶ መልሶ አቆመው።

«ተቀመጪ። አላለቀም። እዚህ ጠረጴዛ ላይ እጅ መስጠት የለም። ስትሸነፊ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ እሱ ያላየው ምንድን ነው?»

ተቀመጥኩ። ተሸነፍኩ። ከዚያ ደግሞ በጣቱ እየጠቆመ «ይሄ መጥፎ ነበር። ይሄም መጥፎ ነው። እዚህ ላይ ጭራሽ አላሰብሽም» አለኝ። ጋሼ ጋዜጣቸውን አስቀመጡ።

«ኧረ አንተ ልጅ! ለሕፃን እንዲህ ይባላል? መጀመሪያ በርቺ በላት!»

«በርቺ ብዬ ብዋሻት ነገም እዚያው ቦታ ላይ ትሸነፋለች።»

«መዋሸት ሌላ፣ ጊዜ መጠበቅ ሌላ» አሉት ጋሼ።

ዮሪስ ትንሽ አሰበና «ጊዜ የሌለው ሰውስ?» አለ። ጋሼ ዝም አሉ። ጋሼ ክርክር ላይ ዝም ሲሉ አይቼ ስለማላውቅ ገረመኝ፤ ዮሪስ አሸነፈ ብዬ ደስ አለኝ።

ሁዳዴ ገባ። ጋሼና እማዬ መጾም ጀመሩ። በዚያው ሰሞን ዮሪስም እየከሳ መጣ። ላይብረሪያኗ ኩኪስ ስታመጣ እሱ አይነካም፣ ያንን ጥቁር ከረሜላ እንኳ ተወ። የእጁ አንጓ ቀጠነ፣ ሰዓቱ ወደ ክንዱ መውጣት ጀመረ። እኔም አሰብኩ፣ አሰብኩና ደረስኩበት።

«ጋሼ፣ ፈረንጅም ይጾማል እንዴ? ዮሪስ እየጾመ ነው?»

መንገድ ልንሻገር ቆመን ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እንደገና ቀይ እስኪሆን ጋሼ አልተንቀሳቀሱም።

«እህ... አዎ» አሉ። «ከባድ ጾም ይዟል።»

ታዲያ እሱ ከጾመ እኔ ምን ሲደረግ እበላለሁ? በነጋታው የትምህርት ቤት ምሳዬን ለጓደኛዬ ሰጠሁ። በሦስተኛው ቀን ጂም ላይ አዞረኝና ለእማዬ ኮል ተደረገላት። ቁጣው ለጉድ ነበር። ግን ለምን እንደጾምኩ ስነግራት ቁጣዋ ባንድ ጊዜ ጠፍቶ እቅፍ አደረገችኝ፤ ዩኒፎርሟ ላይ የነበረው ፒን ጉንጬን ወጋኝ። ለምን እንዳለቀሰች አልገባኝም። በመጾሜ ደስ ብሏት መሰለኝ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ድፎ ዳቦ በፎይል ጠቅልዬ ይዤለት ሄድኩ። «ጾም ተፈታ፣ ብላ!» አልኩት። ዳቦውን አየው፣ እኔን አየኝ። ቆርሶ አፉ ውስጥ አደረገና ብዙ ቆየ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ዋጠው።

«ጎበዝ» አልኩት እንደ እሱ አድርጌ።

ያኔ እንደሳቀው ስቆ አያውቅም። አሁን ሳስበው ያቺ ጉርሻ ምን ያህል እንዳስቸገረችው ይገባኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ቼዝ አልዘረጋም። «ታምሜያለሁ፣ ቤዛ» አለኝ። «እዚህ የመጣሁት ከሕክምናው ላርፍ ነበር። ሐኪሞቼ ያሉት አገሬ ነው። ልሄድ ነው።»

«መቼ ትመለሳለህ?»

አፉን ከፈተ። ጋሼ ግን ቀድመው ሳሉና «በክረምት!» አሉ። «ክረምት ላይ ይመጣል።» ዮሪስ ጋሼን አያቸው። ጋሼም አዩት። እኔ ሁለቱን እያየሁ ክረምት ስንት ሳምንት እንደቀረው እቆጥር ነበር።

ከዚያ ዮሪስ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ በጋሼ ስልክ በቀን አንድ እርምጃ እየተላላክን አንድ ትልቅ ጨዋታ እንጫወታለን። ሁለተኛ፣ በሰኔ መጀመሪያ ሳን ሆዜ ከተማ የልጆች የቼዝ ውድድር አለ፤ ስሜን አስመዝግቧል።

«እኔ ብኖርም ባልኖርም ትሄጃለሽ። ቃል?»

«ቃል። ግን ከዚያ በፊት ይሄንን ጨዋታ አሸንፍሃለሁ።»

«ሞክሪ» አለ።

በዚያ ወቅት ከዚህ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም። ቤት ውስጥ ኮሞዲኖው ላይ ቼዙን ዘረጋሁ፤ ማንም እንዳይነካ አወጅኩ። እማዬ አቧራ ስትጠርግ አንዱን ብድግ እያደረገች በእርጥብ ጨርቅ አብሳ መልሳ ታስቀምጣለች፤ «ንጉሥሽን ገላውን አጠብኩልሽ» ትለኛለች። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስወጣ ጋሼ በር ላይ ይጠብቁኛል። ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ይይዙና «እ... ፈረሱን ኢ አምስት ላይ አድርጓል» ይሉኛል። እኔ ማታ አስቤ ጠዋት መልሴን እነግራቸዋለሁ። ሂሳብ ክፍል ውስጥ አስባለሁ። ጥርሴን ስፍቅ አስባለሁ። መምህሬ ሁለቴ ደብዳቤ ጻፈች።

አንድ ሰኞ ጋሼ ስልኩን አላወጡም። ከደረት ኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ከሱ ላይ አነበቡልኝ።

«ስልኩስ?»

«ስክሪኑ ዓይኔን እያመመኝ ነው። ቀድሜ ጻፍኩት።»

አረጁ ብዬ አዘንኩላቸው። ያን ሳምንት ጺማቸውንም አልተላጩም። ያ በየቀኑ ሸሚዝ የሚተኩስ ሰው! «ጋሼ፣ ጺም እያሳደጉ ነው? ሚስት ሊፈልጉ ነው እንዴ?» አልኳቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጆሮዬን ይዘው ነበር። ያን ቀን ጭንቅላቴን ብቻ ዳበስ አደረጉኝ። ሰው ሲሞትበት የኛ ወንድ ጺሙን እንደሚያሳድግ ማን ነግሮኝ?

አምስት ቀን ከወረቀቱ እየተነበበልኝ ተጫወትኩ። ጥሩ ጥሩ እርምጃዎች ነበሩ፣ ቶሎ ቶሎም ይመጡ ነበር። እየተሸነፍኩ ነበር። ቅዳሜና እሁድን ሙሉ ኮሞዲኖው ፊት ተንበርክኬ ያንን ጥያቄ ጠየቅሁ። ዮሪስ ያላየው ምንድን ነው? እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ፣ ምንም ሳላስብ መጣልኝ።

ሰኞ ጠዋት «ጋሼ፣ ግንቤን ዲ ሁለት ላይ» አልኳቸው።

ወረቀቱን ዘረጉ። ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ሄደ። ገለበጡት። እንደገና ገለበጡት።

«እርግጠኛ ነሽ? እዚያ እኮ ንግሥቲቱ ትበላዋለች። በነጻ ልትሰጪው ነው? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ያሉት ወደው አይደለም፤ ሌላ አስቢ።»

«ትብላው። ከበላችው አሳየዋለሁ።»

ጋሼ ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። በዚያ በተተኮሰ ሱሪ፣ ደረጃ ላይ! የተናደዱብኝ መሰለኝ። ፊታቸው ላይ የነበረው ፍርሃት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

መልሱ ሁለት ቀን ዘገየ። ረቡዕ ዕለት አነበቡልኝ፦ ንግሥቲቱ አንድ ቤት በሰያፍ ሄደች። ግንቤን አልበላችም፣ አልሸሸችም፣ እንዲሁ ፈቀቅ አለች። ኮሞዲኖው ላይ አንቀሳቅሼ ቆሜ አየኋት። እንግዳ ነገር ሆነብኝ። ሐሙስ እኔ አንድ ወታደር ገፋሁ። ዓርብ ጠዋት መልሱ መጣ፤ ንግሥቲቱ አሁንም አንድ ቤት፣ አሁንም በሰያፍ፣ ወደ ንጉሡ ጠጋ።

ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አንድም ነገር አልሰማሁም። የዮሪስ ንግሥት ፈሪ አይደለችም። የዮሪስ ንግሥት ሰሌዳውን በአንድ ጊዜ አቋርጣ ነው የምትመጣው። ይህችን ንግሥት አውቃታለሁ፤ ላይብረሪ ውስጥ መቶ ጊዜ ስቄባታለሁ።

ዓርብ ነው፤ በነጋታው ሳን ሆዜ ነው። ጋሼ ላይብረሪው ውስጥ እንደ ልማዳቸው ጋዜጣ ዘርግተዋል። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። የምለው ነገር በእንግሊዝኛ ለጋሼ የሚባል ስላልመሰለኝ በአማርኛ አልኩት።

«ጋሼ፣ ንግሥቲቱን ያንቀሳቀሷት እርስዎ ነዎት።»

«እንዴት?»

«ከንጉሡ አትርቅም።»

ጋዜጣውን አጠፉ። «ዮሪስ የት ነው?» አልኳቸው። «ጋሼ፣ ዮሪስ የት ነው?» ድምፄ ከፍ ብሎ ላይብረሪያኗ ቀና አለች።

«ነገ ጠዋት እመጣለሁ፣ የኔ ልጅ» አሉ። «እዚህ አይነገርም። ጠዋት እመጣለሁ።»

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በራችን ተንኳኳ። ከመኝታዬ ስወጣ እማዬ ለብሳ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ጋሼ ገቡ፣ ጥቁር ኮት ለብሰው። ከኋላቸው ላይ ፎቅ ያሉት እትዬ ዘነቡ፣ ከእሳቸው ኋላ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች። ማንም ደህና አደርሽ አላለኝም። ስድስት ዓመቴ ላይ የእማዬ እናት የሞቱ ጊዜ እንደዚሁ ነበር፤ በንጋት፣ በጥቁር ልብስ፣ ቤቱ ሞልቶ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም፣ ላይብረሪ ውስጥም አይነገርም። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

«ቤዛዬ» አሉ ጋሼ። «ጊዮርጊስ ዐረፈ። ሁለት ሳምንት ሆነው።»

ሴቶቹ አለቀሱ። እትዬ ዘነቡ ዮሪስን አንድ ጊዜ እንኳ አይተውት አያውቁም፤ እንደ ገዛ ልጃቸው ነው ያለቀሱለት። እኔ አላለቀስኩም። ተናደድኩ። ጋሼን መምታት ነበር የቃጣኝ።

«ታዲያ ማን ነው ሲጫወተኝ የነበረው?»

ጋሼ ወረቀቱን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። የዮሪስ ጽሕፈት ነበር፣ ጠማማ፣ መስመሩን የለቀቀ። ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ጽፎ እህቱ ናት የላከችው። ቤዛ ይህን ካደረገች እኔ ይህን። ያንን ካደረገች ደግሞ ያንን። ከላይ እስከ ታች፣ በጀርባውም። እሱ ካለፈ በኋላ አምስት ቀን ሙሉ ተጫውቶኛል። ግንብ ዲ ሁለት የሚል ግን የትም አልነበረም። ግርጌው ላይ ወረቀቱ ተቀዶ ነበር፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

«ልብስሽን ቀይሪ፣ ቁርስ ብዪ» አለች እማዬ። «ዛሬ ሳን ሆዜ የሚባል ነገር የለም።»

«እሄዳለሁ።»

«ለቅሶ ላይ ሆነሽ ጨዋታ? ሰው ምን ይለናል?»

«ነውር ነው እኮ፣ የኔ ልጅ» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«ቃል ገብቻለሁ። እሄዳለሁ! በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ!»

ጋሼ ኮታቸውን ቆለፉ። «ትሄዳለች» አሉ። «እኔ ነኝ የምወስዳት። እናንተ እዚሁ አልቅሱለት፤ እሷ እዚያ ትጫወትለት።»

መኪና ውስጥ አላናገርኳቸውም። የሄይዋርድን ከተማ አለፍን። ዩኒየን ሲቲ አካባቢ ግን ያዘኝ፤ የመኪናውን በር በጡጫዬ እየመታሁ ጮኼ አለቀስኩ። «ዋሹኝ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ዋሹኝ!» ጋሼ መንገዱን እንዳዩ፣ እንባቸው ባልተላጨ ጉንጫቸው ወደ ኮሌታቸው እየወረደ «አዎ» አሉ። «አዎ፣ ዋሸሁሽ።» ሌላ ምክንያት አልደረደሩም። ለዚያ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ።

የሳን ሆዜው ውድድር አንድ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ነበር፤ ወለሉ ላይ የጎማ ጫማ ይጮሃል፣ ወላጆች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የመጀመሪያውን ዙር ዓይኔ በእንባ ተጋርዶ ተሸነፍኩ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በንዴት አሸነፍኩ። መጨረሻ ላይ የገጠመኝ ጥርሱ ላይ ሽቦ ያለው፣ ሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ልጅ ነው፤ ፈረስና ሁለት ወታደር በልቶኝ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ጣሪያ ማየት ጀመረ። እጄ ወደ ንጉሤ ሄደ። ልጥለው ነበር።

ተቀመጪ፣ አላለቀም።

እጄን ከጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩበት። ይሄ ጣሪያ የሚያይ ልጅ ያላየው ምንድን ነው? ብዙ ደቂቃ ፈጀብኝ። ከዚያ አገኘሁት፤ ንግሥቴ ንጉሡን ከግራ ታስፈራራለች፣ ከቀኝ ታስፈራራለች፣ እንደገና ከግራ። ማምለጫ የለውም፣ እኔም የምጨርስበት ነገር የለኝም። ልጁ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ፊቱ ቀላ። ዳኛው መጥቶ አየና «አቻ» አለ። ዋንጫ አላገኘሁም። ግን ተነሥቼ እጁን ጠበቅ አድርጌ ጨበጥኩት።

ፓርኪንግ ውስጥ ጋሼ የመኪናውን በር ሳይከፍቱ ቆሙ። ከቦርሳቸው፣ ከመንጃ ፈቃዳቸው ኋላ፣ ጣት የምታህል የተቀደደች ወረቀት አወጡ።

«ይህቺን ከግርጌው ላይ ቀድጄ ደብቄአት ነበር» አሉ። «የሞተ ሰው አደራ ነበር፣ አልፈጸምኩም። ሳን ሆዜ እስኪያልፍ ብዬ፣ ልቧ ይሰበርና ትቀራለች ብዬ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ንጋቱን አዘገየሁብሽ። ይቅር በይኝ።»

ያ ጠማማ ጽሕፈት እንዲህ ይል ነበር፦

«ጋሼ፣ እዚህ ያልጻፍኩትን ነገር ከተጫወተች እውነቱን ንገሯት። እኔ ያላየሁትን አይታለች ማለት ነው። ከእንግዲህ ትችላለች።»

ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ከዚያ ጋሼን ወገባቸውን አቅፌ ኮታቸው ላይ አለቀስኩ፤ እሳቸውም እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ አድርገው ሰው ሁሉ መኪናውን አስነሥቶ እስኪሄድ ቆምን።

ቤት ስንገባ ሰዎቹ ሄደዋል፤ እማዬ ሶፋው ላይ ተኝታለች። ጋሼ ኮሞዲኖው ፊት ቆሙና መነጽራቸውን አደረጉ። እኔ የሐሙሷን ወታደሬን ወደነበረችበት መለስኳት። እሳቸው ንግሥቲቱን አንስተው አንድ ቤት መለሷት፣ አሳረፏት፣ እንደገና አንድ ቤት መለሷት፤ ዮሪስ የተዋት ቦታ ላይ አስቀመጧት።

ያ ቼዝ አሁን ላይብረሪው ጥግ፣ መስታወት ባለው መደርደሪያ ውስጥ ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥሩ ልጆችን የማስተምረው እኔ ነኝ። ሁለት ፓኬት ጥቁር ከረሜላ ገዝቻለሁ፤ ይተፉት ይሆናል፣ እናያለን። ግንቤ ዲ ሁለት ላይ እንደቆመች ናት። እርምጃዋ ልክ ትሁን አትሁን ኮምፒውተር በአንድ ሴኮንድ ይነግረኛል፤ ልጆቹም እንጠይቅ እያሉ ይነዘንዙኛል። አላስጠይቅም። የጨዋታው ተራ የዮሪስ ነው፣ በእሱ ተራ ማንም አይገባም።